ሐሙስ ያልመጣው ስም

«አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ነው ያስቀመጥኩት ብላኛለች» ይላሉ ሽማግሌው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የላቡ በር ላይ እንደቆሙ። «ከቱላ የመጣሁት ለእሱ ነው፣ የኔ ልጅ። ለድምጿ።»

የታቢታ እጅ ኪቦርዱ ላይ ይቀራል። የዚህ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላብ ኃላፊ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። ቻርጀር ጠፋብኝ የሚል፣ ሰዓት ይጨመርልኝ ብሎ የሚለማመጥ ስንቱን አስተናግዳለች። ድምፅ ፍለጋ የመጣ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም።

«የማንን ድምፅ ነው፣ አባቴ?»

«የሮሆቦትን። ታምሩ እባላለሁ፤ አባቷ ነኝ።» ኮፍያቸውን አንዴ ያዞሩታል። «ሐሙስ ጠዋት ቀበርናት። ወባ ነው፣ ይተዋታል ስንል በሦስት ቀን አመለጠችን።»

ታቢታ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። «ጌታ ያጽናናዎት» ትላለች።

«የመመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ እንዳትደናገጥ ድምጿን እየቀዳች ትለማመድ ነበር» ይላሉ አቶ ታምሩ። «ስልኬ ሞላ፣ ወደ ላብ አዛወርኩት አለችኝ። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ትንፍሽ አላለችም፤ እንባም የላትም። ልጅቷን አንዴ ብትሰማት ታለቅስ ይሆናል ብዬ ከለቅሶው ድንኳን ሾልኬ ወጣሁ። ካለቀሰች ትተርፋለች።»

ሐሙስ ጠዋት። ታቢታ ዘወር ብላ የተደረደሩትን ኮምፒውተሮች ታያለች።

በዚህ ላብ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው፤ ቫይረስ አስመርሯታል። ፋይል የሚተላለፈው ማንም በነጻ በሚያወርደው ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የላቡን ዋይፋይ ያገኙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ስም ለስም ይተያያሉ። ሴሚስተር ሲያልቅ አርባው ኮምፒውተር ያለበት ሁሉ ተሰርዞ ከመጽዳቱ በፊት አርባዎቹ ተማሪዎች ስልካቸውን ከፍተው ይሰበሰባሉ፤ የእያንዳንዱ ስም ስክሪኗ ላይ ብቅ ሲል ታቢታ የየራሱን ፎልደር ትልክለታለች። ሥርዓቱን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ትኮራበትም ነበር።

ሐሙስ ሠላሳ ዘጠኝ ስም መጣ፤ ሮሆቦት የሚለው ቀረ። የሥራ ባልደረባዋ ግዛቸው «እስከ ሰኞ ብንታገሳትስ?» አላት። «ማስታወቂያው በሩ ላይ ሁለት ሳምንት ተለጥፏል፤ በአንዷ ዝርክርክ ምክንያት ሥራ አላቆምም» አለች። አዎ፣ ዝርክርክ ነው ያለቻት። ከዚያ ለማጽጃው ፕሮግራም ትእዛዙን ሰጠች። ይኸኛውም ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ሲነኩት አርባውን ኮምፒውተር ባዶ አድርጎ ስልሳ ፕሮግራም በአንድ ላይ ይጭናል። ድሮ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሁለት ሰዓት አለቀ፤ እሷም ደስ ብሏት ሻይ ልትጠጣ ወጣች። በዚያ ሰዓት ቱላ ላይ የሮሆቦት አፈር ይመለስ ነበር።

ዛሬ ሰኞ ነው።

«ይግቡ፣ አባቴ» ብላ አሥራ ሰባት ቁጥር ጋ ትወስዳቸዋለች። አቶ ታምሩ አይቀመጡም፤ የወንበሩን መደገፊያ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ኮምፒውተሩ ይከፈታል። ሐሙስ የተጫኑት ፕሮግራሞች ተደርድረዋል፤ ሌላ ምንም የለም። ታቢታ የሚገኝ ነገር እንደሌለ እያወቀች ትፈልጋለች፤ መፈለጉን ካቆመች መናገር ሊኖርባት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አይደለም።

«የለም እንዴ?»

መብራት ሄዶ ጠፋ ማለት ትችላለች። ቫይረስ በላው ብትላቸውም ያምኗታል።

«አጠፋሁት» ትላለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አባቴ። ሐሙስ ስሟን ጠብቄ ሳይመጣ ሲቀር ዝርክርክ ናት ብዬ አጠፋሁት። ማረፏን አልሰማሁም።»

አቶ ታምሩ ኮፍያቸውን ኪቦርዱ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«አንቺ ምን ታደርጊ» ይላሉ። «እኛስ ወባ ነው፣ ይተዋታል አላልንም?»

ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሀረብ የተጠቀለለ ስልክ ያወጣሉ። «ይኸው የሷ ነው። እስቲ እዚህ ውስጥ የተረፈ ካለ እዪልኝ፤ እኔ አልችልበትም። ቻርጁ እንዳያልቅ ግን እየጠበቅሁ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሐሙስ ላብ ካልደረስኩ ፋይሌ ይጠፋል እያለች ካልተነሳሁ ብላ ታገለችን። በግድ ነው ያስተኛናት። እዚያው ተኝታ የሆነ ነገር ከፈተችና፣ አባ እንዳትነካብኝ አለችኝ። አልነካሁትም።»

ታቢታ ስልኩን ትቀበላለች። ከአባትየው ገላ የወሰደው ሙቀት አለበት። ቅጂዎቹን ትፈልጋለች፤ ባዶ ነው። ልጅቷ ጠንቃቃ ነበረች፤ ወደ ላብ ያዛወረችውን አንድ በአንድ ከስልኳ ላይ ሰርዛለች። ስልኩ ላይ ተከፍቶ የቀረው የላቡ ፋይል መቀበያ ፕሮግራም ነው። ታቢታ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይም ያንኑ ፕሮግራም ትከፍታለች።

ስልኩ ላቡን አይረሳውም። ማንም ሳያዘው ዋይፋዩን ያገኛል፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ስክሪን ላይም አንድ ስም ብቅ ይላል። ሮሆቦት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ ለመቀበል ዝግጁ ይላል።

አቶ ታምሩ ጎንበስ ብለው ስሙን በጣታቸው ይነኩታል። «ይኸው መጥታለች» ይላሉ ቀስ ብለው። «ላኪላት እንግዲህ።»

ታቢታ ማውሱን ይዛለች። የምትልከው ነገር የላትም፤ ስሙም አይጠፋም።