ጓድ ሊቀመንበሩ ከአንገት በታች

ወሬው ሙሉጌጥ ጋ የደረሰው በ1974 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልብስ ስታሰጣ ነው። ያደረሰውም ባሏ ኩማ ራሱ ነበር። በአጥሩ በር ገብቶ ከእሷ በፊት ጓሮ ያሉትን ወፎች አየና፣

«ሙሌ፣ ለሰሜን ግንባር ተመርጫለሁ» አላት። «ፎቶ አንሺ ሆኜ። የቀረኝ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ። ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!»

ዝም ያሰኛት እንዳታለቅስ አልነበረም። ከኋላዋ ግንደ ቆርቁር አርፎ ነበር።

ከሰፈሩ ቀድመው ከሄዱት ሦስት ሰዎች የተመለሰ አልነበረም።

ኩማ የመሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ነው። ስብሰባ ያነሳል፣ ሰልፍ ያነሳል፣ ሽልማት ያነሳል። ነፍሱ ያለችው ግን ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓሮ ነበር። እዚያ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ጣውላ ቸንክሮ ጠዋት ፓፓያና በቆሎ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የመጣ የዓሣ ጭንቅላት ያስቀምጣል። ከዚያ በጆንያ የሠራት መደበቂያ ውስጥ ገብቶ ዜኒት ካሜራውን ደቅኖ ይጠብቃል። ዋኔ ይመጣል፣ ቁራ ይመጣል፣ ጉሬዛ ከነልጇ ትመጣለች። አባ ኮዳ የመጣ ጊዜ ግን ኩማን ስሙን ቢጠሩት አይሰማም። ያ መላጣ፣ እግረ ረጅም፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሽማግሌ የሚመስል ወፍ ያሳብደዋል።

«እኔና አባ ኮዳ ሐይቅ ብንገባ ማንን ታወጣለህ?» ትለው ነበር።

«አንቺን ነዋ። እሱ ይበራል።»

«መጀመሪያ ፎቶ ሳታነሳ?»

ኩማ መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ያስባል።

አጥር የሚለያቸው ጎረቤት፣ ባዬ፣ ወፎቹን አይወድም። የዓሣ አጥንት ቆርቆሮው ላይ ይጥሉበታል። «አንድ ቀን ቀበሌ ባልከስህ!» ብሎ በአጥሩ ላይ ዝቷል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ሐሙስ ዕለት ቀበሌው በር ሥር ስም የሌለው ደብዳቤ ተገኘ። ፊደሉ የተንጋደደ ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። «ጓድ ኩማ ለግንባር አይሆንም» ይላል። «ሰው እያነሳ አባ ኮዳ ካየ ፊቱን ወደ ወፉ ያዞራል። ካላመናችሁ ፈትኑት።»

ኩማ ሲሰማ ጦፈ።

«ባዬ ነው! ፊደል ከቆጠረ ሦስት ወር አልሞላው፣ የመጀመሪያ ደብዳቤውን በእኔ ላይ! ከዘመቻ ሊሸሽ ነው ብለው ቢያስሩኝስ?»

ባዬን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረችው ሙሉጌጥ ነበረች።

«ጋሽ ባዬን አትማቸው» አለችና ሻይ አቀበለችው። የግራ እጇን ጣቶች ሰማያዊ ቀለም ነክቷቸው ነበር። የተማሪ ደብተር ሳርም ነው አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉልላት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትለው መጡ። መላጣ ናቸው፤ ሲቆሙ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። የፎቶውን ካርቶን አስወጥተው አገላበጡ።

«ጓድ ኩማ፣ ሰፊው ሕዝብ የት አለ?»

«ይሄ እንኳ የግሌ ነው፣ ጓድ።»

«ሁለት መቶ ፎቶ ሙሉ አንድ ሰው የለም?»

«አለ፣ አለ። ይኸው፣ የጋሽ ባዬ ጆሮ።»

አንዱ አብዮት ጠባቂ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እንግዲያው እንፈትንሃለን» አሉ ጓድ ጉልላት። «ግንባር ላይ አዛዡ ንግግር እያደረጉ ነው እንበል። አዛዡ እኔ ነኝ። አንሳኝ!»

ጓሮው መሃል ሄደው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ኩማ ላቡን ጠርጎ አነጣጠረ። ዛሬስ ባዬን አሳፍረዋለሁ ብሎ ምሏል።

በዚህ መሃል ሙሉጌጥ የዓሣ ጭንቅላት የሞላ ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ቤቱን አገማው ብላ ጣውላው ላይ ገለበጠችው።

መጀመሪያ አንድ አባ ኮዳ መጣ። ከዚያ አራት። ጓድ ጉልላት «አብዮታዊት እናት ሀገራችን…» ብለው ሲጀምሩ፣ ሰባተኛው ከኋላቸው አርፎ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ልክ እንደ እሳቸው ቆመ። ሁለት መላጣ በፀሐይ አብረቀረቀ።

ባዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ምክትልዎ መጥተዋል!»

አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው በሳቅ ፍርስ አሉ። ሙሉጌጥ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች። ጉሬዛዋ እንኳ ከዛፍ ላይ ጮኸች። ያልሳቀው ኩማ ብቻ ነበር። ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ፊልሙ ሰኞ ታጥቦ ቀበሌ ቀረበ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ። ሠላሳ አምስቱ አባ ኮዳ ብቻ። በአንዱ ጓድ ጉልላት አሉበት፣ ከአንገት በታች።

«ይሄ ሰው ጦርነቱን ትቶ አሞራ ሊያነሳልን ነው» አሉ። ማሰሩንም ረሱት፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ግን ከለከሉ።

በእሱ ምትክ ግዛቸው የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ፎቶ አንሺ ተላከ። አልተመለሰም።

ኩማ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ከወፎቹ ጋር ኖረ። እነዚያን ስምንት ዓመታት ባዬን አንድ ቀን ሰላም አላለውም። በ1982 ታሞ ሲሞት የለቅሶውን ድንኳን ቀድሞ መትከል የጀመረው ባዬ ነበር። አባ ኮዳዎቹም ጣውላው ላይ ተሰልፈው ቆመው ዋሉ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለኩማም፣ ለግዛቸውም ነፍስ ይማር በሉልኝ፤ ደብዳቤውን በግራ እጄ የጻፍኩት እኔ ሙሉጌጥ ነኝ።