በአንድ ኮት ልክ የተሠራ ጥሩር

ቆርቆሮ ሠሪው ደባልቄ ደክሞታል። የአሶሳን ሙቀት ለምዶታል፤ የዘንድሮው ድካም ግን ሌላ ነው። መዶሻውን አሥር ጊዜ ካነሣ አሥራ አንደኛው ላይ ቁጭ ይላል። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እየወፈረ አላቆም ያለው ወዳጁ መምህር ቦዔዝ።

ነገሩ የጀመረው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ክልሉ ክልል ከተባለ ገና አንደኛ ዓመቱ ነው፤ ለበዓሉ ቴአትር ይታያል ተባለ። ቴአትሩን የሚያዘጋጀው ሱለይማን አንድ ቀን ቪዲዮ ቤት ገባና ብረት የለበሱ ወታደሮች ሲፋለሙ አየ፤ ልቡ እዚያው ቀረ። የኔም ንጉሥ እንደዚህ ካልለበሰ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ደባልቄን እየጎተተ ወስዶ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አሳየው። ጥሩሩ፣ ያ የብረት ልብስ፣ ከአንገት እስከ ወገብ አንድ ወጥ ብረት ይሁን፣ ቅጥያ አይታይበት፣ ሰውነት ላይ ልክክ ይበል፣ ንጉሡ ሲራመድ እንደ ድስት ክዳን እንዳይንኳኳ አለው። ይህን ካሳመረ፣ አዲሱ ክልል በሚከፍተው ወርክሾፕ ደባልቄ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል።

እንግዲህ ከወሎ በሰፈራ ከመጣ ጀምሮ ገበያ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሰው ባልዲ ሲበይድ ለኖረ ሰው፣ ጣሪያ ሥር መሥራት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ለዚያች ጣሪያ ሲል ያልተባለውንም ይሠራ ነበር።

ንጉሡን የሚጫወተው ቦዔዝ ነው። ቁመናም ድምፅም አለው። ችግሩ የሚያስተምረው ባምባሲ ስለሆነ ለልምምድ የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ብቻ ነው። ታዲያ ልኩን እንዴት ትወስዳለህ ብሎ ሱለይማን ቢጠይቀው ደባልቄ ሳቀበት። እሱና ቦዔዝ የተሞሸሩት በአንድ ኮት ነበር። በሰፈራው ዘመን ለአንድ ሰው ሙሉ ልብስ መግዛት የማይታሰብ ነገር ስለሆነ፣ አዋጥተው አንድ ገዙ። በጥር ደባልቄ ለበሰው፤ በየካቲት ቦዔዝ፤ አንዲት ቁልፍ እንኳ ቦታዋን አልለወጠችም። ኮቱ ዛሬም በደባልቄ ሚስት በሸዋሉል ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ አለ።

«የእኔ ልክ የእሱ ልክ ነው» አለ ደባልቄ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ቱታውን አውልቆ ላሜራውን በገዛ ደረቱ ላይ እያስተካከለ መቀጥቀጥ ያዘ። ጄሪካን ሙሉ ውሃ አጠገቡ ያስቀምጣል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ያልቃል። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይጠማዋል፣ ምን ይደረግ። ውሃውን ጠጥቶ ደግሞ በየደቂቃው ወደ አጥር ጀርባ መመላለስ ነው፤ ሥራው የተጓተተውም በዚሁ ነው። የሚበላው የሁለት ሰው ነበር። ለጥሩሩ የጎን ማሰሪያ ቆዳ በወስፌ ሲበሳ፣ ወስፌውን ሳያስቀምጥ ለራሱም ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ጨመረለት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቦዔዝ መጥቶ ጥሩሩን ሲያጠልቅ ማሰሪያው ሦስት ጣት አጠረ። ደባልቄ ዐይኑን ማመን አቃተው። ሚስትህ ቀነኒ ቅቤ አብዝታልሃለች ብሎ ቀለደበት። ቦዔዝ የለበስኩት ሱሪ እኮ የአምናው ነው ብሎ ማለለት፤ ደግሞም ለምን በገመድ አትለካኝም አለው። ደባልቄን ከፋው። ያ ኮት ዋሸ እንደ ማለት ሆነበት።

«አንተ ብቻ ምግብህን ቀንስ» አለው።

ቅጥያ እንዳይታይ ተብሏልና አዲስ ላሜራ አንሥቶ እንደገና ጀመረ። አሁንም በራሱ ደረት ለካው፤ ለቀነኒ ቅቤ ብሎ ሁለት ጣት ትርፍ ተወለት። አሁን መዶሻውን አምስት ጊዜ ካነሣ ስድስተኛው ላይ ቁጭ ይላል። ሸዋሉል ይህ ሥራ ሊገድልህ ነው፣ ተወው አለችው። እሱም ሊያልቅ ምን ቀረው፣ ልጨርሰውና አርፋለሁ አላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሱለይማንም አብሮ ወደ ደባልቄ ግቢ መጣ። ቦዔዝ ትንፋሹን ውጦ፣ ሆዱን ሰብስቦ ሞከረ። ማሰሪያው አራት ጣት አጠረ።

ሱለይማን ላሜራውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ደባልቄ። በዓሉ አሥር ቀን ቀርቷል። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ወርክሾፑም ለእሱ ነው።»

ደባልቄ እንባው መጣ። በዚህ ዕድሜው በሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም። ወደ ቦዔዝ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ በሆድህ እንጀራዬን ዘጋኸው።»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ እንደ ድሮዬ ነኝ» አለ ቦዔዝ። እሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ደባልቄ መሐላውን አልሰማውም። ሸዋሉልን ጠርቶ ኮቱን አምጪ አላት። እዚሁ፣ ሱለይማን እያየ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለይ።

ኮቱ ከሣጥን ወጣ። ቦዔዝ እጁን አስገባ። ደባልቄ ቁልፉ ተበጥሶ ሲወድቅ ለማየት አንድ እርምጃ ቀረበ። ቁልፉ ግን ገባ፤ ሁለተኛውም ገባ። ኮቱ እንደ ሰርጉ ቀን ልክክ አለ።

ሸዋሉል በሳቅ ፈረሰች፤ ቦዔዝን አሁንም ሙሽራ ነህ አለችው። ሱለይማን ግራ ገብቶት አንዴ ኮቱን፣ አንዴ ጥሩሩን ያያል።

«አውልቅ» አለ ደባልቄ በንዴት። «ተለጥጦ ነው። ወዲህ አምጣው፣ እኔ ልልበሰው።»

ሸዋሉል እየሳቀች ልትቆልፍለት ጠጋ አለች፤ በኮቱና በባሏ ሆድ መካከል ሁለቱም ቡጢዎቿ ገቡ።