ሳይከራከር የሚገዛ ሰው

«እሺ» ይላል ባሏ።

ባለመኪናዋ እማማ ዋጋውን የጠሩት ገና አሁን ነው። ሸራውን የገለጡበት እጃቸው አቧራው እንኳ አልረገፈለትም። ለክርክር የተዘጋጀው አፋቸው እንደተከፈተ ይቀራል።

«ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

ሚስትየው መሬት መሬቱን ታያለች። ይህን ቃል እየፈራች ነው የመጣችው። ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ባሏ ለሁሉም ነገር እሺ ነው። ብላ ሲሉት እሺ፣ ተኛ ሲሉት እሺ፣ አከራዩ ጋራዡን ልቀቅልኝ ሲለውም እሺ። ሰፈሩ «እምቢ አለ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት ሰው! ከደንበኛ ጋር በቀለም፣ ከእሷ ጋር በወጡ ጨው፣ ከልጁ ጋር በሁሉም ነገር ሲሟገት የኖረ። የሚያለቅስ ሐዘንተኛ ይባበላል። እሺ የሚል ሐዘንተኛ በምን ይባበላል? ጧት ማታ ፈጣሪዋን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት እምቢ።

መኪናው መጋዘኑን ሞልቶ ተኝቷል። ጣራው ወደ ኋላ የሚታጠፍ የጥንት አሜሪካን ነው፤ አፍንጫው ከበሩ ይጀምርና ጅራቱ ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። የጣራውን ሸራ አይጥ በልቶታል፣ ወንበሩ ጥጡን ተፍቷል፣ ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ በዝገት ተቦርቡሯል። ባሏ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና አካል ማቅናት ነው ሥራው። ደህና ሳለ እንዲህ ያለው መኪና በመንገድ ሲያልፍ መዶሻውን ጥሎ ይወጣ ነበር። «አንድ ቀን የሞተ አገኝና ከአጥንቱ ጀምሬ አስነሳዋለሁ» ይል ነበር። ይህንን አስታውሳ ነው አፈላልጋ ያመጣችው። እንሂድና እንየው ስትለው ምን ብሎ እንደመለሰላት መናገር አያስፈልግም።

«ስማ አንተ ሰውዬ» ይላሉ እማማ፣ ምርኩዛቸውን ተክለው። «የጠራሁት ዋጋ እንድትከራከረኝ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ወይ በሰረቀው ገንዘብ ነው፣ ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ሊቸበችበው ነው።»

«ኧረ እማማ፣ እሱ እንደዚያ አይደለም። ጠግኖ…»

«አንቺ ቆዪ ልጄ፣ አፍ አለው።» ወደ እሱ ይዞራሉ። «ሟቹ ባለቤቴ በዚህ መኪና ነው ሙሽራ አድርጎ የወሰደኝ። ጣራውን ከፍቶ፣ ነፋሱ ጸጉሬን የወፍ ጎጆ አስመስሎት! ታዲያ አንድ ጉድለት እንኳ አታወጣለትም? ዝገቱን እንኳ አትሰድብልኝም?»

«እሺ።»

«ምኑን ነው እሺ?»



እማማ ፊቱን ትንሽ ያዩታል። ከዚያ ሸራውን ከመሬት ያነሳሉ። «አልሸጥም» ይላሉ፤ ድምፃቸው ይሰበራል። «ለማያየው ሰው አልሰጥም። ለቁርጥራጭ ብረት ቢሆንማ ድሮ በሸጥኩት።»

«እሺ» ይልና ወደ መውጫው ይራመዳል።

«እማማ፣ ልጅ ቀብሮ ነው» ልትል ነበር ሚስትየው። ትተወዋለች። በልጇ ሞት መኪና መለመን ይሆንባታል።

እማማ ሸራውን ሊያለብሱ ሲሉ የሾፌሩ በር ይገጫቸዋል። ከዘመን ብዛት በገዛ ክብደቱ ዝቅ ያለ በር ነው። ይገፉታል፤ አይዘጋም። በትከሻቸው ይመቱታል። ጓ! ተመልሶ ይከፈታል። በንዴት ይደግሙታል። ጓ! ብረት በብረት ላይ ይጮኻል።

ባሏ ደፉ ላይ ቆሟል። ጥርሱን እንዳመመው ሰው አንገቱ ሲኮማተር ታያለች። እማማ እንደገና ሊመቱት ትከሻቸውን ሲያዘጋጁ፣ ተመልሶ ይመጣል። በክንዳቸው ይዞ ቀስ ብሎ ገለል ያደርጋቸዋል። መዳፉን ከበሩ ሥር ያስገባል፣ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይገፋዋል። ጠቅ ብሎ ይገባል።

«እኔንም እንዲህ ደግፎ የሚያነሳኝ በተገኘ» ይላሉ እማማ።

አልሰማቸውም። በሩን መልሶ ከፍቶ ተንበርክኳል። ማጠፊያውን በጣቱ ይዳስሳል፣ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ በሩን ላይና ታች ያነቃንቃል። ከዚያ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል። መዳፉ ወደ ላይ ነው።

ያቺን እጅ ታውቃታለች። ሥራ ላይ ሲሆን ይህን አምጣ አይልም፤ እጁን ወደ ኋላ ይሰዳል፣ ልጁ የሚያስፈልገውን መፍቻ ያስቀምጥበታል። አባትና ልጅ በዚህ ብቻ አይሟገቱም ነበር። አሁን ከኋላው ማንም የለም። ትዝ ብሎት እጁን እንዳይሰበስባት ትፈራለች።

ግድግዳው ሥር የእማማ ሟች ባለቤት የመፍቻ ሳጥን አለ። ትሮጣለች። የማጠፊያውን ብሎን በባሏ ትከሻ ላይ አሻግራ በዓይኗ ትለካዋለች። ጋራዡ ሲዘጋ መፍቻዎቹን በናፍጣ አጥባ የጠቀለለች እሷ ናት፤ ቁጥራቸውን ታውቃለች። አሥራ ሦስት ቁጥሩን ታወጣለች። መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።

ጣቶቹ ይጨብጡታል። ብሎኑ ላይ ያስገባዋል፣ ሊያዞረው ይልና ይቆማል። እሷም ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች።

«አይሆንም» ይላል።

መፍቻውን ወደ ኋላ ይመልስላታል። ድምፁ ሻካራ ነው፣ የጠብ ድምፅ። «ይሄ ይሰፋዋል፣ ጠርዙን ይበላዋል። አሜሪካን እኮ ነው፣ በሚሊ ሳይሆን በኢንች ነው የሚፈታው። ግማሽ ኢንች ፈልጊ።»

«ባይኖርስ?»

«እንዴት አይኖርም? በምን ሲፈቱት ኖረው ነው ታዲያ? በጥርስ?» አንገቱን ወደ እማማ ያቀናል። «ደግሞ እርስዎ፣ ማጠፊያው ያለቀ በር ይዘው ያንን ዋጋ ሲጠሩ ትንሽ አያፍሩም?»

«አላፍርም!» ምርኩዛቸው ወለሉን ይመታል። «ምን ያሳፍረኛል? ጣራውን አይተኸዋል? ሞተሩንስ ሰምተኸዋል?»

«የትኛውን ጣራ? አይጥ የበላውን?»

ሚስትየው ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። ብረቱ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች እንባዋ ውስጥ ይዋኛሉ፤ አንዱንም ማንበብ አልቻለችም። መፍቻዎቹን በእጇ እያገላበጠች ዞር ብላ ታያለች። እሱ አፉ ከእማማ ጋር ነው። እጁ ግን እንደተዘረጋ፣ እሷን ይጠብቃል።