ባትሪ ለመቆጠብ

የሬዲዮኑ ሰውዬ አውራ ጣት መቅረጫው ላይ ይወርዳል፤ ቀጭ፤ ካሴቱ ይቆማል። ዘመነች ግን ገና እየተናገረች ነው።

«የአንድ እናት አንድ ልጅ ከውትድርናው ይቅር የሚል አንቀጽ ይግባበት ነው የምለው» ትላለች። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድብ ድምጿ ይሰምጣል፣ ተመልሶ ብቅ ይላል። «ከእሱ በቀር ማንም የለኝም።»

ልጇን፣ ይገዙን ነው የምትለው። ትናንት ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ አፈሱት። አሁን ከዚሁ አዳራሽ ጀርባ፣ የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ተቆልፎበታል። ስብሰባው ሲያበቃ መኪና መጥቶ ወደ ማሠልጠኛ ይወስዳቸዋል።

እኔ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነኝ። ጆሮዬ ደክሟል ብለው ነው እዚህ ያስቀመጡኝ፤ ዓይኔ ግን ጤነኛ ነው፣ ከዚያ አውራ ጣት ላይም አልተነቀለም። ስብሰባው የረቂቁ ሕገ መንግሥት ውይይት ነው፤ ሰውዬው የሰፊውን ሕዝብ አስተያየት ሊቀዳ ነው የመጣው። የሚቀዳው ግን የተባለውን ሰምቶ አይደለም፤ የተናገረውን ሰው አይቶ ነው።

ከዘመነች በፊት የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ መሸሻ ተነሥቶ ነበር። ያለው ይህንኑ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የአንድ እናት አንድ ልጅ ቢታሰብበት አለ። እሱ ምን ቸገረው፤ ልጁ ሱቅ ውስጥ ስኳር ይመዝናል፣ የሚነካው የለም። ለእሱ ካሴቱ ዞረ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሰብስቤም «ገንቢ ሂስ ነው» ብሎ አስጨበጨበለት።

አሁን ያው ሰብስቤ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

«ጓድ ዘመነች፣ ይህን ጥያቄ ማን አስጠናሽ?»

አጠገቤ ያለችው ሃጂራ ክንዴን ትይዘኛለች። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃ፣ ገመቹ፣ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዛውራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማምለጫ የለውም። ስም ቢጠሩ የተጠራው ይጠፋል፤ ባይጠሩ ራስ ይጠፋል።

«ማን ያስጠናኛል፤ አሁን አቶ መሸሻ ሲሉ ሰምቼ ነው» ትላለች ዘመነች።

መሸሻ ብድግ ይላል። «ኧረ እኔን አታስገቢኝ። እኔ በጥቅሉ ነው የተናገርኩት። አንቺ ስለ ልጅሽ ነው።»

«ትክክል» ይላል ሰብስቤ። «የእሱ ሂስ ነው፤ ያንቺ ቅስቀሳ ነው። ከስብሰባው በኋላ እንዳትሄጂ።»

የዘመነች ከንፈር ነጣ። እኔም ሳላስበው ተነሥቻለሁ።

«አንተ ልጅ» እለዋለሁ የሬዲዮኑን ሰውዬ፤ «መሣሪያህ ተበላሸ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ነው።»

«ለመሸሻ ጊዜ አልቆጠብክም።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ይለውጠዋል።

«እማማ ወለተጻድቅ፣ ይቀመጡ» ይላል ሰብስቤ።

«እቀመጣለሁ፤ መቼም ቆሜ አላድር። ግን ጆሮዬ ደካማ ነው፤ የሁለቱን ቃል ልዩነት አልሰማሁትም። የመሸሻን ደግሞ ያሰማንና እኔም ልንቃ።»

ሰብስቤ ግን ፈገግ ይላል፤ ማስተማር ይወዳል።

«መልካም። ንቃት ማለት መለየት ነው። አሰማቸው።»

ሰውዬው ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ ይጫናል። የመሸሻ ድምፅ ቀጥኖ ይወጣል፦ የአንድ እናት አንድ ልጅ ቢታሰብበት፣ ያለ ጧሪ የሚቀር አለና። ቀጥሎ የሰብስቤ፦ ገንቢ ሂስ ነው። ቀጥሎ ጭብጨባ።

የእኛ እጅ ደግሞ ጭብጨባ ሰምቶ ዝም ማለት ከረሳ ስንት ዓመቱ። ከኋላ ሁለት ሰው ይጀምራል፤ ወዲያው አግዳሚው ሁሉ። ገመቹ ጠመንጃውን አንግቶ ያጨበጭባል። ሰብስቤ ራሱ ሁለት ሦስቴ ካጨበጨበ በኋላ ነው የደነገጠው። ካሴቱ ጨርሷል፣ እኛ አልጨረስንም። ማን ያቁም? ቀድሞ ያቆመ ይታያል። መዳፌ እየነደደ አጨበጭባለሁ። ዘመነች ብቻ መሀል ላይ ተገትራለች፣ እጇ ነጠላዋን ጨምድዶ።

ሰብስቤ እኛን ያያል፤ መቅረጫውን ያያል፤ ገንቢ ያለው የራሱ አፍ እዚያ ውስጥ ነው። ጎንበስ ብሎ ለሰውዬው አንድ ነገር ያንሾካሹካል። ከዚያ እጁን ያነሣል፣ ጸጥ እንላለን።

«አብዮታችን የእናትን ድምፅ ይሰማል» ይላል፣ እንደ ውሰት ኮት የማይሆነውን ፈገግታ ለብሶ። «ገመቹ፣ ይገዙን አምጣው።»

አውራ ጣቱ ይወርዳል። ካሴቱ ይዞራል።

ልጁ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ አድርጎ ይገባል። ሰውዬው መነጋገሪያውን ዘመነች አፍ ላይ ይደቅናል፤ «እናታችን፣ ምን ተሰማዎት?» ልጇን በነጠላዋ ሸፍና፣ እነሰብስቤ ሐሳባቸውን ከመቀየራቸው በፊት፣ የማናችንንም ዓይን ሳታይ ዝናቡ ውስጥ ትገባለች።

በሩ እንደተከፈተ ነው። ከዕቃ ቤቱ በር የሚደበድብ የሌሎቹ ልጆች ቡጢ ይሰማል፤ ከዝናቡ ይለያል።

ሃጂራ ክንዴን ትለቅና እጇን ታወጣለች። ልጇ ዩሱፍ እዚያ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን አራት ልጅ አላት፣ የአንድ ልጅ እናት አይደለችም። ቀጥሎ እሙ ታወጣለች። ከእሷም ቀጥላ ተሻለች እጇን ታወጣለች። ከኋላ ስማቸውን የማላውቃቸው።

«አስተያየት ተዘግቷል» ይላል ሰብስቤ። «ጊዜው አልቋል።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል። አንድም እጅ አልወረደም። የሃጂራ እጅጌ እስከ ክርኗ ተንሸራትቷል፤ ቀጭን ክንዷን በሌላ እጇ ትደግፈዋለች።