የኔቪል ማጣበቂያ

መሪዋ በቀኝ በኩል በሆነች መኪና ውስጥ፣ ትሬቨር ከሾፌሯ ከግሌኒስ በስተግራ ይቀመጥና በሩን ጓ አድርጎ ይዘጋዋል። ቀበቶውን እየጎተተ ይስቃል።

«ማጣበቂያው ደርቋል አይደል፣ እመቤት? ጫማዬ ላይ እንዳይንጠባጠብ።»

አጥሩ ላይ የተደገፈው ሕዝብ ሲያውካካ ትሰማለች። ጣሪያው ላይ የተለጠፈችው ማይክሮፎን ክፍት ናት። በመኪና ማኅበሩ የበዓል ቀን ደንቡ ይኸው ነው፤ ተሳፋሪው በፈጣን መኪና ተወስዶ ሲጮህ ጩኸቱ በድምፅ ማጉያ ለሁሉም ይሰማል፣ አብልጦ የጮኸው ደግሞ ቋሊማና የሚጠበስ ሥጋ የተደረደረበትን ትሪ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አዲስ መኪና ከመጣ ቀድሞ የሚሳፈረው ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ ትሬቨር ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አልሳፈርም ማለት አይችልም። ግሌኒስ ይህን አስባበት ነው የመጣችው።

«ከሥሯ ምን አደረግሽላት?»

«ምንም። ቆርቆሮው ብቻ ነው ሌላ። ከሥር ያለው ኔቪል እንደሠራው ነው።»

«ነፍሱን ይማር» ይላል ትሬቨር፤ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ ለሕዝቡ እጁን ያውለበልባል። ሲነዳም እንዲሁ ነው።

ኔቪል ባሏ ነበር። ለትንሿ መኪናቸው የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ገጠመላት። ጉልበቷ ሁሉ የሚወርደው በፊት ጎማዎቿ ስለነበር፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር መሪዋ ወደ ግራ ይነጥቅ ጀመር። ያለው ሰው ቢሆን አዲስ ዕቃ ያስመጣላት ነበር። ኔቪል ግን ክረምቱን የወደቁ መኪኖች በተከመሩበት ግቢ ተንበርክኮ ከረመ። የፊት ጎማዎቹን የሚያዞሩትን፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የነበሩትን ሴሚያሶች ከሌላ መኪና በፈታው መካከለኛ ዘንግ እኩል አደረጋቸው። በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያለቁትን ቦኮላዎች ለወጠ። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት እንዳይወራጭ የተቀመጠባቸውን የጎማ ትራሶች ክፍተት በመስታወት ማጣበቂያ ሞላው። ማጣበቂያውን በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የጨመቀችው እሷ ናት፤ እሱ «ቀስ፣ አየር እንዳይገባበት» እያላት።

ከዚያ ትሬቨር «እስቲ እኔ ልሞክራት» አለ። በዚሁ በድሮው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው፤ ኔቪልን በግራ ወንበር አስቀምጦ ነዳ። መኪናዋ በግራ በኩል ከተደረደሩት ባሕር ዛፎች ካንዱ ጋር ተላተመች። ትሬቨር ግንባሩን ብቻ ተፈነከተ።

«በሁለት እጄ አንቄ ይዤው ነው የነጠቀኝ» አለ በቀብሩ ዕለት። «ምስኪን፣ ያ ማጣበቂያ ጉድ ሠራው።» ሰው አመነው። በየዓመቱ ጥብስ ሲጠበስ ይደግመዋል፤ ሟቹ የገዛ ሞቱ ተጠያቂ ሆኖ ቀረ። ግሌኒስ አንድም ቀን አልመለሰችለትም። ከስብርባሪው ውስጥ የኔቪልን ዕቃ አንድ በአንድ ፈትታ አወጣች፣ አጠበች፣ በሌላ መኪና አካል ላይ ገጠመች።

«ሊቀመንበራችን ይጮሃል ወይስ አይጮህም?» ትላለች ሙሪየል በማጉያው፤ አሮጊቷ አስተዋዋቂ ናት። «ግሌኒስ፣ የኔ ልጅ፣ ልቀቂው!»

ትለቀዋለች። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ። ቱርቦው ያፏጫል። የመንደርደሪያው ነጭ መስመር ከኮፈኑ ሥር እየተጎተተ ይገባል። በቤቷ አቅራቢያ በኮረኮንቹ መንገድ ስትሞክራት መሪውን በሁለት እጇ ሙጭጭ ብላ ነበር የያዘችው። ልልቀቀው ስትል እጇ እምቢ ብሏት ነበር።

«ዛፎቹ ባንተ በኩል ናቸው» ትለዋለች።

«አውቃለሁ። ንጂው ባክሽ፣ እንቅልፌ መጣ!»

ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጠዋለች። ሁለት እጆቿን ከመሪው ታነሣና ጭኖቿ ላይ ታሳርፋቸዋለች።

ትሬቨር ያያል። ወደ ማይክሮፎኗ አንጋጦ ይስቃል።

«ስሙ እናንተ! ሴትዮዋ መሪውን ለቃዋለች! ቋሊማውን እንዳትነኩብኝ!»

ባሕር ዛፎቹ በግራው መስኮት አንድ በአንድ ያልፋሉ። ግንዱ የተላጠውም ያልፋል። መሪው እንደ ቆመ ነው፤ ነጩ መስመር ከኮፈኑ መሐል ንቅንቅ አይልም።

መስመሩ ሊያልቅ ሲል መሪውን ይዛ ፍሬን ትረግጣለች። አቧራው ከኋላ ደርሶ አልፏቸው ይሄዳል።

«ይኸው ዕቃ ነው ኔቪልን የገደለው ብለሃል» ትላለች፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም። «ወደ ግራ ይነጥቃል ብለሃል። በግራ የተቀመጥከው አንተ ነህ። እጄን ስለቅ ለምን አልጮህክም?»

ከሩቅ፣ ከአጥሩ በኩል፣ ማጉያው የራሷን ቃል ይመልስላታል። ለምን አልጮህክም።

«ግሌኒስ... እኔ እኮ ያኔ...» ይልና ዓይኑ ማይክሮፎኗ ላይ ያርፋል። በመስኮቱ የወጣውን ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰበስባል።

አጥሩ ጋ የሚስቅ የለም። ግሌኒስ ይህን ዝምታ ስትጠብቀው ኖራለች፤ ማር ማር ይለኛል ብላ ነበር። አሁን ግን የሚሰማት የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሳይወራጭ፣ በተቀመጠበት።

ልትመለስ ማርሹን ስትጨብጥ እጇ ያዳልጣታል። መዳፎቿ በላብ ርሰዋል፤ ሱሪዋ ላይ፣ ያሳረፈቻቸው ቦታ፣ ሁለት ጥቁር አሻራ ቀርቷል።

ዞር ብላ የትሬቨርን እጆች ታያለች። ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል። ደረቅ ናቸው። በኔቪል ሥራ አንድም ቀን አልተጠራጠረም።