የወይኒቱ ሱቅ ይነሳልን

የመምህር አድማሴ ጠላት ቴሌቪዥን ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። በልጆች ዝግጅት መሀል ያ የማስታወቂያ ዘላይ አንበሳ «ብርቅ» የሚሉትን ለስላሳ ጨብጦ ብቅ ሲል፣ ሰውየው ከተቀመጠበት ተነስቶ ሶኬቱን ይነቅላል።

ምክንያት አለው። እናቷ በጨቅላነቷ ትታት የሞተችው አንድያ ልጁ ማርያማዊት፣ አምና በዘጠኝ ዓመቷ የስኳር በሽታ አለባት ተባለ። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳው፣ አድማሴ በልቡ ያንን አንበሳ ሲራገም ነበር። ይዞ የወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መርፌ፣ ጣፋጭ ግን በአፏ እንዳይዞር።

ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ይዞ ይዞራል። ለልጆች የሚነገር የጣፋጭ ማስታወቂያ በሕግ ይታገድ ነው የሚለው። በሚኒባስ ቡሬ ድረስ ሄዶ አስፈርሟል።

«ቢራው ከቴሌቪዥን ወርዷል፤ ለስላሳው ከማን ተወልዶ ነው የሚፈራው?» ይላል። «ልጅ ከታመመ ወዲያ ሕግ ቢወጣ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው!»

እውነቱን ነው። ማን ይከራከረዋል?

ፍልሰታ ገባ። ማርያማዊት እንደ ጓደኞቿ ቅዳሴ እስኪወጣ ልጹም አለች። አድማሴ ደስ አለው፤ ልጁ እንዲህ ጨዋ ስትሆንለት ምን ይበል? ጠዋት መርፌዋን ወግቶ፣ ነጠላዋን አልብሶ ይሸኛታል።

በአምስተኛው ቀን ከቀሚሷ ኪስ የ«ብርቅ» ቆርኪ አገኘ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ልጅቱ አቀረቀረች። ጾም መግደፏን እንዴት ብላ ለአባቷ ትናገር? እንባዋ ብቻ ወረደ።

በማግስቱ አድማሴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሸሸገ። ቅዳሴው ሳይጋመስ ማርያማዊት ወጣች። ላብ አጥምቋታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ቀጥ ብላ ወደ ወይኒቱ የቆርቆሮ ሱቅ ሄደች።

ወይኒቱ ባለቤቷን አቶ ዘሩን አሥራ ሁለት ዓመት መርፌ ስትወጋ ኖራ፣ በዚያው በስኳር በሽታ የቀበረች ሴት ናት። ልጅቱን ስትጠብቃት የቆየች ይመስል ፈጥና ጠርሙስ ከፈተች፤ ደግፋ አጠጣቻት። ሳንቲም አልተቀበለችም። ትንሽ ቆይታ ማርያማዊት ነፍስ ዘራች፤ ፈገግ ብላ ወደ ቅጽሩ ተመለሰች።

«ወይ ጉድ! ልጄን ሱስ አስይዛብኛለች!» አለ አድማሴ ጥርሱን ነክሶ። «መጀመሪያ በነጻ ያስለምዳሉ፣ ኋላ ደም ያስተፋሉ!»

ዘሎ ወይኒቱ ሱቅ ደረሰ።

«አንቺ ሴት፣ ባልሽን መቅበርሽ አልበቃ አለሽ? በጾም ደግሞ!»

«መምህር፣ በወላዲተ አምላክ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ። ልጅቱ...»

«ሻጭ ስለ ሸቀጧ ምን እንድትል ነው የምሰማሽ?»

የዚያኑ ዕለት አዲስ አቤቱታ ጻፈ፦ የወይኒቱ ሱቅ ይነሳልን። ሕፃን ጾም ያስገደፈች ሴት ናት፤ ማን አልፈርምም ይላል? ጎረቤቱ ሰላምታ ነፈጋት። እሷ ግን ምን ዓይነት ደረቅ ናት፣ ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ መጣች። ሁለቴም በሩን ዘጋባት።

ሰኞ ቀበሌው ሱቋን አስነሳ። አድማሴም የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ጠርቶ፣ ሴትየዋ ወደ ቅጽሩ እንዳትደርስ፣ ልጁም ቅዳሴ ሳይወጣ እንዳትወጣ አደራ አለው።

«ሕጉ እስኪወጣ እኔ ደጄን አጸዳሁ» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሰው እየሮጠ መጣ። ማርያማዊት ቅዳሴ ላይ ወድቃለች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት፤ አልነቃችም።

«ያቺ ሴት ናት!» ይጮሃል አድማሴ፣ የሐኪሙን ጋውን ይዞ። «ሱቄን አስነሳብኝ ብላ በቂም አጠጥታት ነው! ስኳሯን ጣሪያ አስነክታው ነው! እከሳታለሁ!»

ሐኪሙ የማርያማዊትን ፊት በነጠላዋ ሸፈነ።

«ስኳሯ ከፍ አላለም መምህር፤ አልቆ ነው። መርፌ ተወግታ ባዶ ሆዷን ስትውል፣ ሲያንቀጠቅጣት አንድ ጉንጭ ጣፋጭ የሚያቀምሳት ሰው አጠገቧ አልነበረም እንዴ?»