የመጀመሪያዋ እንሰት

ጎረቤቴ እትዬ ረውዳ ቢጫ የእንሰት ቅጠል ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«እስቲ እዪልኝ ልጄ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ዛሬ እንሰት የሚመረምር ሰው የለም። በየግንዱ ላይ ጤንነቱን የምትነግር ትንሽ መብራት አለች፤ ከእናት ተክል ወደ ችግኝ እየተወረሰች አረንጓዴ ትበራለች። መብራቷ የምትበራበትን ሕግ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፦ የመጀመሪያዋ እንሰት ጤነኛ ከሆነች፣ ከጤነኛ እናትም የታመመ ችግኝ የማይወጣ ከሆነ፣ ከእሷ የተራባው እንሰት ሁሉ ጤነኛ ነው። ሁለተኛውን ነገር ስድስት ዓመት ለፍቼ አረጋገጥኩ። ማንም ስህተት አላገኘበትም።

የመጀመሪያዋ እንሰት ግን ተመርምራ ታማ ከተገኘች ትቃጠላለች። እናቴ ከመሞቷ በፊት በእጇ የተከለችልኝ እሷን ነበር። ሳልመረምር «ጤነኛ ናት» ብዬ ፈረምኩ።

«ለእኔ ቢጫ ነው የሚመስለኝ» አሉ እትዬ ረውዳ፣ እንደማፈር ብለው። «ጓሮዬ በሙሉ እንዲህ ሆኖብኛል። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው። ዓይኔ ሳይከዳኝ አልቀረም።»

ቅጠሉን ተቀበልኳቸው። እጄ ላይ ተሰባበረ።

«አዎ፣ ዓይንዎ ነው» አልኳቸው።

ነጠላዬን ደርቤ፣ ክንዳቸውን ደግፌ፣ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።